ልጆቻችን 9ኛ ክፍልን የት ይማሩ? ለትምህርት፣ ለመሬትና ለበጀት ኃላፊዎች የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ጉዳዩ፦ ለሰፈራችን ተጨማሪ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት እንዲገነባ ስለመጠየቅ

የተከበራችሁ ኃላፊዎች፣

ጤና ይስጥልን። እኛ በምሥራቅ አዲስ አበባ፣ ከአያት ወዲያ ባለ የጋራ መኖሪያ መንደር የምንኖር ወላጆች ነን። ልጆቻችን የሚማሩት በመንግሥት ትምህርት ቤት ነው። ለሰፈራችን አንድ ተጨማሪ ሃይስኩል እንዲሠራልን ማመልከቻ አስገብተናል፤ ስብሰባም ተቀምጠናል። መልሱ ሁልጊዜ «በጥናት ላይ ነው» የሚል ነበር። ሰሞኑን ግን ጥናቱ ወደ አንድ ወገን እያጋደለ መሆኑን ሰማን። አዲስ ከመገንባት ይልቅ፣ ባለው ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ አንድ ብሎክ ጨምሮ በፈረቃ መቀጠል ይበቃል ወደሚለው። ውሳኔው ከመፈረሙ በፊት እንድትሰሙን ብለን ይህን በአደባባይ ጻፍን።

የሰፈሩንም ሆነ የትምህርት ቤቱን ስም አልጠራንም። አንድን ርዕሰ መምህር ወይም አንድን ባለሙያ ለመክሰስ አልተነሣንም። ጉዳዩም የኛ ብቻ አይመስለንም። ከተማው ወደ ዳር በወጣበት ሁሉ፣ የካ አባዶም ይሁን ቱሉ ዲምቱ፣ ልጁ 8ኛ ክፍል የደረሰ ወላጅ የምንለውን ነገር ያውቀዋል።

ከቁጥሩ እንጀምር። በመጨረሻው ስብሰባ የተነገረን ዋና ምክንያት፣ የተማሪው ብዛት ሌላ ትምህርት ቤት አያስከፍትም የሚል ነው። ቁጥሩ ከየት እንደመጣ ጠየቅን። ባለው ትምህርት ቤት 9ኛ ክፍል ከተመዘገቡት ነው ተባልን። ቅሬታችን የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። የተቆጠሩት በሩን አልፈው የገቡት ናቸው። ቦታ አጥተው የሄዱት በዚያ መዝገብ ላይ የሉም።

የት ሄዱ ብላችሁ ብትጠይቁን፣ ከጎረቤቶቻችን ብቻ እንነግራችኋለን። አንዱ ልጅ ሽሮ ሜዳ አክስቱ ዘንድ ገብቷል። እዚያው ተመዝግቦ፣ እዚያው እያደረ ይማራል። እናትና አባቱን የሚያየው ቅዳሜና እሑድ ነው። እናቱ ልጇ ገና በ15 ዓመቱ ከቤት መውጣቱ እስከዛሬ ያንገበግባታል። ሌላ ቤተሰብ ስንት ዓመት ቆጥቦ በዕጣ ያገኘውን ቤት አከራይቶ፣ መገናኛ አካባቢ አንድ ክፍል ቤት ተከራይቷል። ምክንያቱ የልጆቹ ትምህርት ነው፤ ሌላ ምንም የለውም።

ከሁሉም የሚያሳዝነን የአንዲት ልጅ ነገር ነው። አባቷ የቀን ሠራተኛ ነው። እናቷ ጉሊት ትቸረችራለች። ልጅቷ የ8ኛ ክፍልን ፈተና በጥሩ ውጤት አልፋለች። የደረሳት ትምህርት ቤት ግን ሁለት ታክሲ ያስይዛል። ቤተሰቡ የደርሶ መልሱን ሂሳብ ደጋግሞ አሰላው፤ አልሆነም። መጀመሪያ ዘንድሮ ትቆይና ለከርሞ ትገባለች ተባለ። አሁን ልብስ ቤት ተቀጥራ ትሠራለች። ይህች ልጅ በየትኛው ሰንጠረዥ ላይ ነው ያለችው? ትምህርት ካቋረጡት መሃል እንኳ አትቆጠርም። 9ኛ ክፍል አልተመዘገበችማ! ያልገባ ልጅ አቋረጠ አይባልም። እንዲህ ያሉ ልጆችን የማይቆጥር ጥናት፣ ትምህርት ቤት አያስፈልግም ብሎ ቢደመድም አይገርምም።

ገና የሚመጡትንም ቁጠሩልን። በ2005 ዓ.ም. ለጋራ መኖሪያ ቤቶች ምዝገባ ሲካሄድ ከ900 ሺህ በላይ ሰው ነው የተመዘገበው። እዚህ ሰፈር ካለነው ብዙዎቻችን ያኔ አዲስ ተጋቢዎች ነበርን። በዚያ ዓመት የተወለደ ልጅ ዘንድሮ፣ በ2018፣ 7ኛ ወይም 8ኛ ክፍል ደርሷል። ታናናሾቹ ከኋላው ተሰልፈዋል። ጠዋት ጠዋት በብሎኮቹ መሃል የሚያልፈውን የአንደኛ ደረጃ ተማሪ አንድ ቀን መጥታችሁ ብታዩ ሌላ ማስረጃ አያስፈልጋችሁም።

በዚህ ላይ ከ2016 ጀምሮ ከፒያሳና ከአራት ኪሎ፣ በኋላም ከካዛንቺስ፣ በመልሶ ማልማትና በኮሪደር ሥራ ምክንያት የተነሡ ቤተሰቦች ወደ ከተማዋ ዳርቻዎች ወጥተዋል። የኛም ሰፈር ጎረቤት አድርጎ ተቀብሏቸዋል። ልጆቻቸው መልቀቂያቸውን ይዘው የመጡት በትምህርት ዓመቱ መሃል ነው። ለቤት የሚሆን ምትክ ተዘጋጅቶላቸው ነበር። ለልጆቻቸው የሚሆን ወንበር ግን ማን ያዘጋጅ? ቤት የሚሰጠው አካልና ትምህርት ቤት የሚከፍተው አካል አንድ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠው የሚነጋገሩ አይመስለንም። የጎዳንም ይኸው ነው።

ደግሞ ይህ ሁሉ ቀድሞ ሊታወቅ የሚችል ነገር ነው። አንድ ልጅ 1ኛ ክፍል ሲገባ፣ ከስምንት ዓመት በኋላ የ9ኛ ክፍል ወንበር እንደሚፈልግ ግልጽ ነው። 6ኛ ክፍል ላይ ይፈተናል። 8ኛ ክፍል ላይ እንደገና ይፈተናል። የፈተናው መዝገብ ያለው እናንተ እጅ ነው። እኛ በግምት የምናወራውን እናንተ በስም ዝርዝር ታውቁታላችሁ።

ባለው ትምህርት ቤት ላይ ያለው ጫና የመጣው ሰፈሩ ስላደገ ብቻም አይደለም። የትምህርት ሥርዓቱ ተለውጧል። ድሮ የ10ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ነበር። ከዚያ ላይ የተወሰነው ተማሪ ወደ መሰናዶ ያልፋል፤ የቀረው ወደ ቴክኒክና ሙያ ይሄዳል ወይም ሥራ ይፈልጋል። 11ኛና 12ኛ ክፍል የሚሰጠውም በብዙ ቦታ ለብቻው በተቋቋመ መሰናዶ ነበር። ፈተናው ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ ቀርቷል። አሁን የመጀመሪያ ደረጃ እስከ 6ኛ፣ መካከለኛው 7ኛና 8ኛ፣ ሁለተኛ ደረጃ ደግሞ ከ9ኛ እስከ 12ኛ ሆኗል። 9ኛ የገባ ልጅ አራት ዓመት እዚያው ግቢ ይቆያል ማለት ነው። ለ9ኛና ለ10ኛ ታስቦ የተሠራ ሕንፃ አሁን አራቱንም ተሸክሟል።

ለውጡን አንቃወምም። ልጅ በ16 ዓመቱ በአንድ ፈተና ምክንያት ከትምህርት ገበታ እንዲነሣ የሚፈልግ ወላጅ የለም። ነገር ግን ልጆቹ እስከ 12ኛ እንዲቀጥሉ የወሰነ መንግሥት፣ የሚቀመጡበትንም ክፍል መሥራት አለበት።

አሁን በክፍሉ ውስጥ ያለውን እንንገራችሁ። ለሁለተኛ ደረጃ የተቀመጠው መለኪያ በአንድ ክፍል 40 ተማሪ ነው። የኛ ልጆች አንድ ዴስክ ላይ አራት ሆነው ይቀመጣሉ። ዳር ያለው ልጅ ደብተሩን ጭኑ ላይ አድርጎ ይጽፋል። የሒሳብ መምህሩ የቤት ሥራ ማረም ካቆመ ቆይቷል። እሱን አንወቅስም። የሚያስተምራቸውን ሴክሽኖች ደብተር በሙሉ ልረም ቢል ሌሊቱ አይበቃውም። ቤተ ሙከራው በኮምፔንሳቶ ለሁለት ተከፍሎ መማሪያ ክፍል ሆኗል። ዕቃው ካርቶን ውስጥ ገብቶ መጋዘን ተቀምጧል። የ11ኛ ክፍል የተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪ አሲድና ቤዝ ሲቀላቀሉ አይቶ አያውቅም። ሁሉን ነገር በቃሉ ይሸመድዳል።

የ12ኛ ክፍልን ውጤት አገር ያውቀዋል። 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ተፈታኞች በ2014 3.3 በመቶ፣ በ2015 3.2 በመቶ፣ በ2016 5.4 በመቶ፣ በ2017 ደግሞ 8.4 በመቶ ነበሩ። ሁሉም በክፍል መጨናነቅ የመጣ ነው አንልም። ነገሩ ብዙ ሥር አለው። ነገር ግን ደብተሩ ያልታረመለት፣ ሙከራ ያልሠራ፣ ጥያቄ ለመጠየቅ ተራ የማይደርሰው ልጅ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ገብቶ ያን ፈተና እንዴት ይለፈው? ፈተናው ከ2016 ወዲህ በኮምፒውተርም መሰጠት ጀምሯል። ከኛ ልጆች መሃል ግን ማውዝ በቅጡ ሳይዙ 12ኛ የደረሱ አሉ። የኮምፒውተር ክፍለ ጊዜያቸው ላይ አንድ ኮምፒውተር ለብዙ ልጅ ነው፤ ኪቦርዱን የሚነካው ፊት የቆመው ብቻ ነው።

ስለ ፈረቃ ደግሞ ረዘም አድርገን መናገር እንፈልጋለን። በወረቀት ላይ ፈረቃ ጥሩ መፍትሔ ይመስላል። አንዱ ሕንፃ የሁለት ትምህርት ቤት ሥራ ይሠራል፤ ወጪ የለውም። ወጪው የሚወድቀው ልጁና ቤተሰቡ ላይ ስለሆነ እናንተ ዘንድ አይታይም።

የጠዋቱ ፈረቃ ልጅ ገና ሳይነጋ ከቤት ይወጣል። ቁርስ ሳይበላ የሚወጣው ብዙ ነው። የከሰዓቱ ፈረቃ ደግሞ የሚለቀቀው ሊመሽ ሲል ነው። አዲስ አበባ ወደ 1 ሰዓት ገደማ ጨልማለች። ከትምህርት ቤቱ እስከ መጨረሻዎቹ ብሎኮች ያለው መንገድ መብራት የለውም። በመሃል ተጀምረው የቆሙ ሕንፃዎች አሉ። ስልክ የተቀሙ ልጆች አሉ። ሴቶቹ ላይ ያለውን ለከፋና ጉንተላ እነሱ ራሳቸው ቢነግሯችሁ ይሻላል፤ ለኛ እንኳ የሚነግሩን ግማሹን ነው። አባቶች ተራ ገብተን፣ ባትሪ ይዘን፣ ማታ ማታ ከትምህርት ቤቱ በር ልጆች እንቀበላለን። ለአንድ ሰሞን ብለን የጀመርነው ነው። አሁን የዘወትር ሥራችን ሆኗል። ማታ ፈረቃ የሚሠሩ ወይም ልጆቻቸውን ብቻቸውን የሚያሳድጉ እናቶች ምን ያድርጉ? አንዷ ልጇን ከሰዓት በኋላ ፈረቃ ሲደርሳት አስቀርታታለች። መምህሮቹ ደውለው ቢጠይቋትም ፈርቼ ነው ከማለት ሌላ መልስ አልነበራትም። እኛም አልፈረድንባትም።

የቀረው ግማሽ ቀንስ? የጠዋቱ ልጅ ከምሳ በኋላ፣ የከሰዓቱ ልጅ ጠዋት፣ ወላጅ ሥራ ላይ ነው። ቤተ መጻሕፍቱን ደግሞ ተረኛው ፈረቃ ይዞታል። ሰፈር ውስጥ ክፍት ሆኖ የሚጠብቀው ጌም ቤት ነው፤ ትንሽ አለፍ ሲል ጫት ቤት፣ ቤቲንግ ቤት። ልጆቻችን ጥፋተኞች አይደሉም። 15 ዓመት የሞላው ልጅ በየቀኑ ግማሽ ቀን የሚሄድበት ከሌለው የሚሄድበትን ሌላ ሰው ይመርጥለታል።

የትምህርቱ ሰዓትም ያጥራል። ሁለት ፈረቃ በአንድ ቀን ለማስገባት ክፍለ ጊዜዎቹ ተቆርጠዋል። ማጠናከሪያ ትምህርት የሚሰጥበት ክፍት ክፍል የለም። መምህሩ ልስጥ ቢል እንኳ ቀጣዩ ፈረቃ በር ላይ ቆሟል። ይህ እንግዲህ አንድ ወር ወይም አንድ ሴሚስተር ቢሆን እንችለዋለን። አሁን የተነገረን ግን ፈረቃው ቋሚ ይሆናል የሚል ነው።

ሊጨመር የታሰበው ብሎክ የሚቆመው ሜዳው ላይ እንደሆነም ሰምተናል። ልጆቹ ኳስ የሚጫወቱበት፣ ስፖርት የሚማሩበት፣ ጠዋት ለባንዲራ የሚሰለፉበት ብቸኛ ቦታ ነው። በኮንዶሚኒየም ሰፈር ውስጥ ሌላ ሜዳ እንደሌለ ታውቃላችሁ። ፎቅ ሲጨመር ተማሪ ይጨመራል፤ መጸዳጃ ቤቱ ግን ያው ነው። ውኃ ደግሞ እኛ ሰፈር በተራ ነው የሚመጣው። ውኃ በማይኖርበት ቀን ሴት ተማሪዎች ወደ ቤታቸው ለመመለስ ፈቃድ ይጠይቃሉ። ከዚያ ግማሹ ቀን አለቀ። ብሎክ መጨመር ርካሽ ነው ስትሉን እነዚህን አብራችሁ አስሉልን።

ከእናንተ ወገን የቀረበ አንድ ክርክር አለ፤ እሱን በቁም ነገር እንመልሳለን። መሃል ከተማ ያሉት የቆዩ ትምህርት ቤቶች ከበፊቱ ያነሰ ተማሪ ነው የሚመጣላቸው፤ ልጆቹን ወደዚያ መመደብ ይቻላል የሚል ነው። እውነት ነው፤ የከተማዋ ትልልቅ ሃይስኩሎች የተሠሩት ሰው ይኖርበት በነበረው ቦታ ነው። ዳግማዊ ምኒልክ ከመቶ ዓመት በላይ አራት ኪሎ አጠገብ አለ። የካቲት 12 እቴጌ መነን ከሚባልበት ዘመን ጀምሮ ስድስት ኪሎ ነው። ያኔ ሰዉም እዚያ ነበር። አሁን ሰዉ ወደ ዳር ወጥቷል። የወጣነውም በራሳችን ፍላጎት ብቻ አይደለም። ቤቱ የተሠራው እዚህ ስለሆነ እዚህ መጣን።

ከዚህ ተነሥቶ ስድስት ኪሎ መማር ምን ማለት እንደሆነ እንንገራችሁ። መጀመሪያ እስከ አያት ወይም እስከ መገናኛ ታክሲ ሰልፍ ነው። ሰልፉ ሠራተኛውና ተማሪው እኩል የሚጋፉበት ነው። ባቡሩ ከ2008 ጀምሮ አያት ድረስ ይመጣል፤ እሱ ጋ ለመድረስ ራሱ ታክሲ ያስፈልጋል፤ ከደረሱ በኋላም ጠዋት ላይ ቦታ ማግኘት ዕድል ነው። ከመገናኛ ደግሞ ሌላ ታክሲ አለ። ልጁ ክፍል ሲደርስ ደክሞታል። ከረፈደበት በር ይዘጋበታል። ማታም እንደዚያው ተመልሶ፣ ምሽት ቤት ገብቶ፣ እራቱን በልቶ ይተኛል። የሚያጠናው መቼ ነው? የትራንስፖርቱ ወጪ ደግሞ ሁለት ልጅ ላለው የመንግሥት ሠራተኛ ከቤቱ የባንክ ዕዳ ጋር ተደምሮ ደመወዙን ይጨርሰዋል። ጉሊት የምትቸረችረዋን እናት ነግረናችኋል።

የግል ትምህርት ቤቶች አሉ የሚለውን ብዙ አናወራበትም። የሚችሉ አስገብተዋል። የማይችለው ነው ይህን ደብዳቤ የጻፈው። የቻሉትም ቢሆኑ ሚያዝያና ግንቦት ሲመጣ፣ የክፍያ ጭማሪ ስብሰባ ሲጠራ፣ ምን እንደሚሰማቸው ጠይቋቸው።

በጀት እንደሚያጥር እናምናለን። በየአቅጣጫው ጥያቄ እንዳለባችሁም እናውቃለን። ግን ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 41 መንግሥት ለትምህርትና ለጤና፣ ለሌሎችም ማኅበራዊ አገልግሎቶች በየጊዜው እየጨመረ የሚሄድ ሀብት እንዲመድብ ግዴታ ጥሎበታል። «ትምህርት ለትውልድ» ተብሎ ሕዝቡ ለትምህርት ቤቶች ግንባታና እድሳት እንዲያዋጣ ሲጠራ እኛም የአቅማችንን አድርገናል። ዛሬም ወደኋላ አንልም። ከመሃላችን መሐንዲስ አለ፣ ግንበኛ አለ፣ ኤሌክትሪሻን አለ። ጉልበትም ሙያም እንሰጣለን። የኛ መዋጮ ግን የመንግሥትን በጀት የሚተካ አይደለም። ትምህርት ቤት በዕድር ገንዘብ አይሠራም።

ደግሞም ሁሉን ባንድ ጊዜ ሥሩ አላልንም። አዲሱ ትምህርት ቤት በመጀመሪያው ዓመት 9ኛ ክፍልን ብቻ ቢቀበል ይበቃል። ልጆቹ ወደ 10ኛ ሲያልፉ ቀጣዩ ብሎክ ይደርሳል። አራት ዓመት ላይ ትምህርት ቤቱ ይሞላል። እንዲህ ከሆነ ወጪው በአራት የበጀት ዓመት ይከፋፈላል፤ ባለው ትምህርት ቤት ላይ ያለው ጫናም ከመጀመሪያው መስከረም ጀምሮ ይቀንሳል። ሜዳው ላይ ሊቆም የታሰበውን ብሎክ ወጪ ወደዚህ ብታዞሩት ጅማሬው ከእጃችሁ ላይ አለ።

የመሬቱ ነገር ይቀረናል፤ እሱ ነው እንቅልፍ የሚነሳን። በሰፈሩ ሳይት ፕላን ላይ ለሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የተተወ ቦታ አለ። ስንገባ ካየነው ካርታ ላይ አለ፤ ባዶነቱንም አይተነዋል። በመጀመሪያ የኮንትራክተር ማሽን ማቆሚያ ሆነ። ቀጥሎ የአሸዋና የጠጠር ማራገፊያ። አሁን አንዱ ጥግ ላይ የቆርቆሮ ሼድ ቆሟል፤ «ጊዜያዊ ነው» ተብለናል። ሌላው ጥግ የመኪና ማቆሚያ ሆኖ ገንዘብ ይሰበሰብበታል። ለማን እንደሚገባ ጠይቀን የመለሰልን የለም። በዚህ ከተማ ጊዜያዊ የተባለ ነገር ሲቆይ ባለቤት ያበጃል። ውሳኔው በዘገየ ቁጥር ቦታው ይሸራረፋል። ነገ ደግሞ ትምህርት ቤት መሥራት ፈልገን ቦታ አጣን እንዳትሉን እንሰጋለን። መሬቱ ከጠፋ በኋላ የሚመጣ በጀት ለኛ ምንም አያደርግልንም።

ስለዚህ የምንጠይቀው ይህን ነው።

ከሁሉ በፊት ቦታው ይታጠር። በትምህርት ቤት ስም ካርታ ይውጣለት፤ ሼዱም ማቆሚያውም ይነሣ። ይህ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም፤ ውሳኔ ብቻ ነው የሚፈልገው። አጥሩን እኛ እንሥራ ብትሉን እንሠራለን።

ጥናቱ ይፋ ይውጣና እንየው። በመንግሥትም በግልም ትምህርት ቤት ያሉ የሰፈሩን የ6ኛ፣ የ7ኛና የ8ኛ ክፍል ተማሪዎች ይቁጠር። ከሰፈር ውጭ የሚማሩትንና 8ኛ ክፍልን ጨርሰው የትም ያልተመዘገቡትንም ይቁጠር። ቤት ለቤት የሚቆጥር ሰው ካጣችሁ ብሎክ በብሎክ ተከፋፍለን እኛ እንቆጥራለን፤ ቅጹን ብቻ ስጡን።

አዲሱ ትምህርት ቤት ከሐምሌ 1 በሚጀምረው በጀት ውስጥ እንዲገባ፣ ቢያንስ የ9ኛ ክፍሉ ብሎክ እንዲያዝልን እንጠይቃለን። ረቂቁ ተዘጋጅቶ ካለቀ በኋላ መጥተን እንዳንማፀን ከአሁኑ ነው የምንናገረው። ሜዳው ላይ ሊሠራ የታሰበው ብሎክ ደግሞ ይቁም።

አዲሱ እስኪሠራ ድረስ ልጆቻችን የሚውሉበት ሁኔታ እንዲህ መቀጠል የለበትም። የከሰዓት ፈረቃ ሳይመሽ እንዲለቀቅ ሰዓቱ ይስተካከል። ከትምህርት ቤቱ እስከ ብሎኮቹ ያለው መንገድ መብራት ይግባለት። መሃል ከተማ ለተመደቡት ልጆች ጠዋትና ማታ የተማሪ አውቶቡስ ይመደብ። የ9ኛ ክፍል ድልድልም ነሐሴ መጨረሻ ላይ በድንገት ከሚለጠፍ፣ ውጤቱ እንደወጣ ይነገረን። ዘመድ ዘንድ ልጅ ለማስጠጋት እንኳ ጊዜ ያስፈልጋል።

በመጨረሻም ይህን ጉዳይ በሚወስነው ኮሚቴ ውስጥ ሁለት የወላጅ ተወካዮች፣ አንዷ ሴት፣ እንዲገቡ እንጠይቃለን። የተማሪዎችም ተወካይ ቢኖር ደስ ይለናል፤ ስለ ፈረቃ ከኛ የተሻለ የሚናገሩት እነሱ ናቸው። ልብስ ቤት የምትሠራዋ ልጅ እንድትመለስም እንፈልጋለን። ለእሷና እንደ እሷ ላሉት በመጪው መስከረም፣ ቅርብ በሆነ ቦታ፣ ያለፈው ዓመት ሳይቆጠርባቸው የሚመዘገቡበት መንገድ ይከፈትላቸው።

መልሳችሁን በጽሑፍ እንጠብቃለን። ቀጠሮ ብትሰጡን ግን ይበልጥ እንመርጣለን፤ በማንኛውም ሰዓት እንመጣለን።

ከአክብሮት ጋር፣

የመንደሩ የመንግሥት ትምህርት ቤት ተማሪዎች ወላጆች ኮሚቴ
በኮሚቴው ስም፦ የኮሚቴው ጸሐፊ፣ የአንድ 8ኛ ክፍልና የአንድ 5ኛ ክፍል ተማሪ ወላጅ

ግልባጭ፦
ለአካባቢው ምክር ቤት ተመራጮች
ለትምህርት ቤቱ ወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት
ለመንደሩ የቤት ባለቤቶች ማኅበራት